ነጭ በነጭ ላይ

በኦጂያ ከተማ፣ የካቲት ሲጋመስ፣
በረዶው ከደጃፍ እስከ መስኮት ሲደርስ፣
ፉሚኖ ገባች፣ ቦት ጫማዋን አራግፋ፣
በእጇ ደብዳቤ ይዛ፣ አራት ቦታ አጣጥፋ።
ደብዳቤው የኔ ነው፤ ያምና ነው፤ ፊርማዬ አለበት፣
«ምንም አልታየም» ይላል፤ ቀይ ማኅተም አርፎበት።

ዓምና ጡቷ በሁለት ሰሌዳ መሀል ተጨፍልቆ፣
ትንፋሿን ያዘች፤ ማሽኑ ጮኸ፤ ምስሉም መጣ ፈልቆ።
ነጭ ነበር ሁሉም። ስቡ ትንሽ፣ የወተት ዕጢው ጥቅጥቅ፣
ዓይኔን ሰደድኩበት ከዳር ዳር፣ እንደ ዘበኛ ስጠብቅ።
ካንሰርም ነጭ ነው። እዚህ ላይ ነው ጣጣው፤
ነጭ ጥንቸል በበረዶ ላይ ከተኛ፣ ማን ዓይን ለይቶ ያውጣው?

ዘንድሮ ግን ናኦ፣ ተለማማጇ ልጅ፣
የአልትራሳውንዱን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባቻት በእጅ።
ፉሚኖ ስክሪኑን አየችና ሳቀች፦
«ይኼማ የኛ ኩሬ ነው፤ ጭቃ ውሃ» አለች።
ሠላሳ ዓመት ባለቀለም ዓሣ ያረባች ሴት ናት፣
በደፈረሰ ውሃ ጥላ መለየት ማን ሊያስተምራት?
ድምፅ ሄዶ ሲመለስ ግራጫ ውሃ ይስላል፣
በግራጫው መሀል ካንሰር ጠቁሮ ይታያል።
ከናኦ በፊት እሷ ጣቷን ቀሰረች፦
«ያ የማይዋኘው፣ እሱ ምንድን ነው?»
ናኦ ዝም አለች።

ስምንት ሚሊ ሜትር። ከሩዝ ፍሬ ጥቂት የላቀ፣
ጠርዙ አይጥ እንደ በላው ወረቀት የተቦጫጨቀ።

ተማሪዎቼ «የቱ ይበልጣል?» ይሉኛል በየዓመቱ፤
ከዓይንና ከጆሮ ማነው የበኩር ልጅ ለቤቱ?
ማሞግራም አይናቅም፤ እንደ ተበተነ ጨው፣
ያን የኖራ ብናኝ እንደሱ አድርጎ ማነው የሚያየው?
በዚያ ጨው ላይ አልትራሳውንድ ያልፋል፣ ብዙ ጊዜ ዕውር ሆኖ፣
ሌላ ቀን ደግሞ ቅጠሉን ሁሉ «ዓሣ ነው» ይላል፣ አምኖ፤
ስንቷን ጤነኛ ሴት በመርፌ ወጋናት በሱ ወሬ፣
ስንቷ ሌሊቱን ቆጠረች፤ አልረሳቸውም እስከ ዛሬ።

ኤም አር አዩ ናጋኦካ ነው፤ በባቡር፣ በረዶው ከፈቀደ፣
ወረፋው እንደ ክረምቱ የረዘመ፣ ዋጋው የከበደ።
በደረቷ ተደፍታ፣ ማግኔቱ እንደ አናጢ ሲቀጠቅጥ፣
ማቅለሚያው በደም ሥሯ ሮጦ የተደበቀውን ሲያጋልጥ፣
ደም የጠማው እሱ ነውና ከሁሉ ቀድሞ ጠጣ፣
ከጨለማው ኩሬ አንድ ዓሣ እያበራ ወጣ።
ሌላ አልነበረም። አንድ ብቻ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ።
«ዓምናም ነበረ?»
ያምናውን ምስል ከፈትኩት። አሁን፣ ካወቅሁ ወዲያ፣
በበረዶው ላይ ዱካ ይታየኛል፣ እዚያ፣
ከዕጢው እጥፋት ሥር፣ ጥፍር የጫረው ያህል።
«ምናልባት» አልኳት።
ይቺን ቃል ለመጥራት ስንት ዘመን ፈጀሁ!

ፉሚኖ ቆየች። ከዚያ፦
«በሰኔ ጥቃቅን ዓሦች ስንለይ ከሺህ ሃምሳ እናስቀራለን፤
ሌላውን እንደፋለን።
ከደፋሁት መሀል ስንቱ ውብ ይወጣው እንደነበር አላውቅም።»
ይቅርታ መስሎኝ ቀና አልኩ።
«ግን ዓሦቹ ደብዳቤ አይጠብቁም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ከፊርማዬ በላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ፤
«ጡትሽ ጥቅጥቅ ነው፤ አልታየም ማለት የለም አይደለም፤
ሌላ ዓይን ጠይቂ» እላለሁ።
የክፍሉ ኃላፊ «ረዘመ» ይላል።
ይርዘም።

ኮቷን ስትቆልፍ የጠየቀችኝ ይኼን ብቻ ነው፦
«ግንቦት ላይ ዓሦቹን ከገንዳ ወደ ኩሬ የምናወርድበት ነው፤
እስከዚያ እጄን ታደርሱልኛላችሁ?»
ቀዶ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ።
የቀጠሮ መዝገቡን ሲገልጥ ይሰማኛል፣
አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ፣
እሷ በሩ ላይ ቆማለች፣ ቦት ጫማዋን እንደያዘች።